ባለ አራት መስመሩ ማኅተም

ማኅተሙ የእኔ ሐሳብ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ላይ ማን አመጣው የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በምሠራበት የግል ክሊኒክ የደም መመርመሪያው ማሽን ውጤቱን የሚያትምበት ጥቅል ወረቀት በየጊዜው ያልቅብን ነበር። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ታማሚው ወንበር ላይ ይጠብቃል፣ ጤና መኮንኑ በበሩ ብቅ እያለ ይነጫነጫል፣ እኔ ደግሞ ከማሽኑ መስኮት ላይ ቁጥሮቹን በእጄ እገለብጣለሁ። ማሽኑ ከትንሽ ደም ሃያ ያህል ቁጥር ያወጣል። ሃያውን ቁጥር ለሠላሳ ሰው መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ስለዚህ አንድ ቀን ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ሄጄ አራት መስመር ያለው ማኅተም አሠራሁ። ነጭ የደም ሴል፣ ሄሞግሎቢን፣ ሄማቶክሪት፣ ፕሌትሌት። ወረቀቱ ላይ ጠቅ ማድረግ፣ አራት ቁጥር መጻፍ፣ ቀጣዩን መጥራት። ሰልፉ በግማሽ አጠረ። የክሊኒኩ ባለቤት በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ። የቀሩት አሥራ ስድስት ቁጥሮች የት ገቡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሠናይት እባላለሁ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔው ነበርኩ።

አባቴ ቄስ ወልደአረጋይ አንኮበር ውስጥ በአንድ ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ የቀደሱ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ ሌላ ሙያም ወሬም የላቸውም። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ቁልቁል ወርደው ያን ሁሉ ዳገት ሲመለሱ አንድም ቀን አረፍ ሲሉ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ልጆቹ ነን ድንጋይ ለድንጋይ እየተቀመጥን የምናለከልከው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ እኚህ ሰው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው "ደከመኝ" አሉኝ። ፊታቸው ገርጥቶ ወደ ቢጫ ያደላል። ምላሳቸው በርበሬ ሲነካው ያቃጥላቸዋል። "እናትሽን በርበሬ ቀንሺ ብላት፣ የታመመው ወጤ ነው እንዴ ብላ ተቆጣችኝ" አሉኝ እየሣቁ።

ደማቸውን የቀዳሁት ራሴ ነኝ። ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት፤ ሄሞግሎቢን 9.6 ወጣ። አንኮበር ከፍታ ላይ ለሚኖር ወንድ አሥራ አምስትም፣ ከዚያ በላይም ነው የሚጠበቀው፤ ስለዚህ ደማቸው ክፉኛ አንሷል። በማሽኑ መስኮት ላይ ከአራቱ ቁጥሮች ጋር ሌሎቹም ተደርድረው ነበር። አላየኋቸውም አልልም፤ ዓይን ያያል። እጄ ግን የለመደው አራት መስመር ነው፣ አራቱን ሞላሁ።

ከቀሩት አንዱ ኤም ሲ ቪ ይባላል፤ የቀይ ደም ሴል አማካይ መጠን ማለት ነው። ከሰማንያ እስከ መቶ ከሆነ ደህና ነው። ሄሞግሎቢን ደም ማነሱን ይናገራል እንጂ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። ብረት ያጠረው ሰው ሴሎቹ ስለሚያንሱ ቁጥሩ ወደ ሰባና ስድሳ ይወርዳል። ቢ ትዌልቭ የሚባለው ቫይታሚን ያጠረው ሰው ደግሞ ሴሎቹ በቁጥር ጥቂት፣ በመጠን ትልልቅ ይሆናሉና ከመቶ ያልፋል። ሁለቱም ሰዎች ይገረጣሉ፣ ሁለቱም ዳገት ያቅታቸዋል፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ጤና መኮንናችን ተስፋሚካኤል ማኅተም የተመታበትን ወረቀት አየና፣ "ቄስ አይደሉ? ጾሙ ነው የጎዳቸው፤ ብረት ያስፈልጋቸዋል" አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ጻፈላቸው። እናቴ አመተ ማርያም ክኒኑን ስታይ ወዲያው ነው ያወቀችው።

"ይኼ እኮ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ነው" አለች።

"እንግዲህ ምን ልወልድ ነው?" አሉ አባቴ። ለብዙ ቀን በዚህ ሣቅን።

ከሁለት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኑ 13.2 ሆነ። ፊታቸው ተመለሰ፣ ምላሳቸውም ተሻለው። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለወንድሞቼ በሙሉ ላክሁ። አባቴን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ቢደርሰኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ክኒኑ ባለቀ ቁጥር ገዝቼ አንኮበር ለሚወጣው ሚኒባስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፣ እናቴ ከመናኸሪያ ትቀበለዋለች። አንድ ወር እንኳ አላሳለፍኩም። ክፋቱ ይኼ ነው፤ ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ ስለ እግራቸው ማውራት ጀመሩ። ቤተ መቅደስ የሚገባው በባዶ እግር ነው። አንድ ቀን ቅዳሴ መሐል ካልሲ አድርገው የገቡ መሰላቸውና ደንግጠው ጎንበስ ብለው አዩ፤ እግራቸው ባዶ ነው። "ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል፣ እጄን ስሰደው ግን የለም" አሉኝ በስልክ። ብርዱ ነው አልኳቸው። ዕድሜም አለ አልኳቸው። ቀጥዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከደብረ ብርሃን ገበያ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዝቼ ላክሁላቸው።

እናቴ ደግሞ በየማታው እግራቸውን በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፍላቸው ነበር። አንድ ማታ ውሃውን ሳታበርደው አቀረበችላቸው። እሳቸው እግራቸውን ከተው ዳዊታቸውን ደገሙ። እግራቸውን ሲያወጡት ቆዳው ተልጧል። እናቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር ስታወራ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። "'አላቃጠለዎትም ወይ?' ብላቸው 'ለብ ያለ ነበር' አሉኝ" ትላለች። ይህን ስትነግረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የቃጠሎ ቅባት ላኩላት። እግር የፈላ ውሃ አይሰማውም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ክኒኑን እየወሰዱ ነው፣ ደሙም ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር።

እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞረ። በተከታዩ ፍልሰታ አባቴ ሠራዒ ካህን ሆነው ቅዳሴውን ሲመሩ፣ ቅዱስ ሥጋውን በጻሕል፣ በቅዱሱ ሳህን፣ ይዘው ሕዝቡን ሊያቆርቡ ከመቅደስ ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። አብረዋቸው የሚቀድሱት ቄስ ሠረቀብርሃን ከነጻሕሉ አቅፈው ያዟቸው። ምንም አልወደቀም። ሕዝቡም አብዛኛው አላየም፤ ሕፃናት ተሰልፈው ስለነበር ግፊያው ብዙ ነበር። አባቴ ግን አይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገቡም። ለጠየቃቸው ሁሉ ጉንፋን ነው ይሉ ነበር፤ ጉንፋኑ ሦስት ሳምንት ሲሞላው እናቴ ደወለችልኝና አንኮበር ወጣሁ።

ደጅ ፀሐይ ላይ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያዩት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ጣቶቼም ጀመሩ" አሉኝ ሰላምታ ሳንጨርስ። "ጻሕሉን ይዣለሁ ወይስ አልያዝኩም የሚለውን የማውቀው በዓይኔ ነው። ዓይኔን ከጨፈንኩ ደግሞ ወለሉ ይጠፋኛል። ጸሎት ላይ ዓይን ይጨፈናል፣ ልጄ።"

"እናድንዎታለን፣ አባባ" አልኳቸው።

"መቀደስ እችላለሁ ወይ ነው የምልሽ። ሌላውን ተይው።"

በማግስቱ ይዣቸው ወረድኩ። ክሊኒካችን ውስጥ ተስፋሚካኤል ለቅቆ በምትኩ ዶክተር ኤልሮኢ የምትባል ወጣት ሐኪም ገብታ ነበር፤ ከመጣች ሁለት ወር አይሞላትም። አባቴን ጫማቸውን አስወልቃ፣ እግራቸውን ገጥመው እንዲቆሙ አደረገች። ቆሙ። "አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አባ" አለቻቸው። እንደ ጨፈኑ ተንገዳግደው እላይዋ ላይ ወደቁ። ከዚያ ሲመቱት የሚንዘር ሹካ መሳይ ብረት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስቀምጣ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀቻቸው።

"ብረቱ ይቀዘቅዛል መሰለኝ" አሉ።

"ንዝረቱስ?"

"ንዝረት አለው እንዴ?" አሉ አባቴ፣ ወደ እኔ እያዩ።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። "ኤም ሲ ቪያቸው ስንት ነው?" አለችኝ።

"ማኅተሙ ላይ የለም" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀፈፈኝ።

"ማኅተሙን አይደለም የጠየቅሁሽ" አለች ቀስ ብላ። "ማሽኑን ነው።"

የዚያን ቀኑን አየሁት፤ 101። ከመቶው እምብዛም አልራቀም። "ክኒን ከመጀመራቸው በፊት የነበረውን ፈልጊልኝ" አለችኝ። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ማስታወሻው እስኪሞላ ድረስ አይሰርዝም። ቁልፉን እየተጫንኩ ወር በወር ወደኋላ ሄድኩ። ክኒን ወደጀመሩበት ጥር ስደርስ አገኘሁት። በስም ቦታው ላይ፣ ያን ቀን ቸኩዬ ይሁን ወድጄ እንጃ፣ ሙሉ ስማቸውን ትቼ "አባባ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሄሞግሎቢን 9.6። ከታች ወረድ ብሎ፣ ኤም ሲ ቪ 119። ማሽኑ አጠገቡ የማስጠንቀቂያ ምልክት አድርጎበታል። አንድ ዓመት ከስምንት ወር እዚያው ነበር። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ውጪ ሰው ስለነበር ድምፄን አፍኜ።

ዶክተሯ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘግታ አስረዳችኝ፣ እኔ የማውቀውን። ያጠራቸው ቢ ትዌልቭ ነው። ቢ ትዌልቭ ደም ብቻ አይሠራም፣ ነርቭንም ይጠብቃል። ፎሊክ አሲዱ ደሙን ሞላው፤ ነርቩ ግን ጠባቂ አጥቶ ቀረ። ደማቸው እየተሻለ ሲመስል ሕመሙ ውስጥ ለውስጥ ጀርባቸው ውስጥ ያለውን ነርቭ ይበላው ነበር። ለማረጋገጥ ደም ወደ አዲስ አበባ ላከች፤ ውጤቱ ከሚገባው ከሩቡ በታች ሆኖ መጣ።

"አባ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ከቀመሱ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?" አለቻቸው። ይህ ቫይታሚን ከእነዚህ ካልሆነ አይገኝም።

"አሥራ አንድ ዓመት" አሉ አባቴ።

ክፍሉ ውስጥ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እኔ እንደ ማንኛውም ቄስ ጾሙን ጾመው በፍስክ የሚገድፉ ነበር የሚመስለኝ። ለፋሲካ ቤት ስንሰበሰብ ጨጓራዬን ብለው ሽሮ የሚበሉት ለካ ሁልጊዜ ነው። "ስእለት ነው" አሉ እንጂ ስለ ምን እንደተሳሉ አልነገሩንም፤ እናቴም አታውቅም። ጾም ነው የጎዳቸው ብለን በየፊናችን አውርተናል፤ ምን ያህል ይጾማሉ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። የቄስ ጾም የታወቀ ነው ብለን ሁላችንም ዝም።

መርፌውን ስታዘጋጅ አባቴ እጅጌያቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት፣ "ይኼ የፍስክ ነው?" አሏት።

"አይ፣ ከእንስሳ አይደለም የሚሠራው" አለች ፈገግ ብላ።

"እንግዲያስ ውጊኝ" አሉ።

ኮሪደር ላይ ተከትያት ወጥቼ፣ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "በጥቂት ወር ውስጥ ቢገኝ አብዛኛው ይመለሳል" አለችኝ። "ይህን ያህል ሲቆይ ግን እንዳይብስ እናቆመዋለን፤ የሄደውን መመለስ እንጃ። ስድስት ወር እንይ።" እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ለአባቴ ወስጄ የነገርኳቸው "ስድስት ወር እንይ" የሚለውን ብቻ ነው። የጥር ወሩን 119 ግን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ማኅተሙን አስወግጄ ባለ አምስት መስመር አሠራሁ። በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ኤም ሲ ቪያቸው ከመቶ አሥር በላይ የሆነ ሌሎች አራት ሰዎች አገኘሁ። ሁለቱን በስልክ አገኘኋቸውና መጡ። አንዷ የአረርቲ ሴት ነበረች፤ ስልኩን ያነሣው ልጇ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው አለኝ፤ በምን እንደሞተች ለመጠየቅ አፍ አላገኘሁም። የአራተኛው ስልክ አይሠራም።

ስድስት ወር ሙሉ አባቴ መርፌያቸውን አንድ ቀን አላጓደሉም፤ አንኮበር ያለችው ነርስ ትወጋቸዋለች። የእጃቸው ጣቶች ጥቂት ተመለሱ፤ የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው ዳብሰው መለየት ጀመሩ። በዚህ እናቴ ተስፋ አደረገች፣ እኔም ከእሷ ጋር አደረግሁ። እግራቸው ግን እንዳለ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤት ሄጄ ሳለ አባቴ ከመደቡ ተነሥተው፣ "ሠናይት፣ በሳህን ውሃ ሞልተሽ አምጪልኝ" አሉኝ። ሳህኑን እንደ ጻሕሉ ይዘው ሊሄዱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የእናቴም ፊት ተለወጠ።

"ምነው ቢተዉት" አለቻቸው።

"ባዶ ቤት ነው፤ ቢፈስ ውሃ ነው" አሉ።

ከመደቡ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ፊት ያዙት፤ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ተከሉ። እጃቸው ምንም አልተንቀጠቀጠም። አንድ ተራመዱ፣ ሁለት ተራመዱ፤ በሦስተኛው ግራ እግራቸው በጎኑ አረፈና ሸርተት አሉ። ግማሹ ውሃ ፈሰሰ። ያዝኳቸው። "ድገሚው" አሉኝ።

እንደገና ሞላሁት። አሁን ዓይናቸውን እግራቸው ላይ አደረጉ። እግራቸው እንደ ድሮው ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሳህኑ ግን በእጃቸው ላይ ያጋድል ጀመር። ውሃው በጋቢያቸው ላይ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው አያውቁም። በሩ ጋ ደርሰው ቀና ሲሉ ሳህኑ ባዶ ነው።

ባዶውን ሳህን አዩት። "ሁለት ዓይን አለኝ" አሉ፤ "ሁለቱም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው።" መልሼ መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው። "ለቄስ ሠረቀብርሃን ንገሪልኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይመድቡ። ጉንፋን አይደለም በያቸው።" እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ያኔ ነው የነገርኳቸው። ለምን ያን ሰዓት እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ምናልባት ከዚያ የከፋ ሰዓት እንደማይመጣ ስላወቅሁ ይሆናል። ስለ ማኅተሙ ነገርኳቸው፣ ስለ አራቱ መስመር፣ ስለ 119። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ አሳይቶኝ እንደነበር፣ እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላልነበረው እንዳልጻፍኩት ነገርኳቸው። ክኒኑን በየወሩ እየላክሁ ሕመሙን የሸፈንኩትም እኔው እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ያን ቀን ታይቶ ቢሆን ኖሮ፣ እቀድስ ነበር?"

ዶክተሯን እንጠይቃት ማለት እችል ነበር። እርግጠኛ መሆን አይቻልም ማለትም እችል ነበር፤ ሐሰት አይሆንም።

"አዎ፣ አባባ" አልኳቸው። "ይቀድሱ ነበር።"

ሰው ኃጢአቱን ሲነግራቸው አባቴ ምን እንደሚያደርጉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፣ ሲያልቅ መስቀላቸውን ያነሣሉ፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይላሉ። ሰው የገደለ ሰው እንኳ መጥቶ ያንን ቃል ሳይሰማ አልሄደም። መስቀሉ አጠገባቸው ትራሱ ላይ ነበር። እጃቸውን ሰደዱ፤ በዓይናቸው እየተከታተሉ ያዙት። አንገቴን ደፋሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ቀና ስል መስቀሉን ወደ ትራሱ መልሰውታል።

"ይህን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "እኔ አልችልም።"

እሺ አልኳቸው። ጨርቅ አምጥቼ ወለሉን ማድረቅ ጀመርኩ፤ ውሃው እየተንሸራተተ መደቡ ሥር ተጠራቅሞ ነበር።

"እግርዎ ውሃ ውስጥ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። "አላወቅሁም" አሉ።

እግራቸውን አንድ በአንድ አንሥቼ አደረቅሁላቸው። መጨረሴን ያወቁት ስነግራቸው ነው።